የአማርኛ ጽሑፍ በቤት ኮምፒውተር፦ ፕሮግራሙ ሲያረጅ ፋይሉ እንዳይጠፋ

በወልድያም ሆነ በመርሳና በሌሎች የሀብሩ ወረዳ ከተሞች ለዓመታት ያገለገለ አንድ የቤት ኮምፒውተር ቢከፈት፣ በውስጡ የሚገኙት ሰነዶች ይብዛም ይነስም ተመሳሳይ ናቸው። የእድር መተዳደሪያ ደንብና የአባላት መዝገብ፣ ለፍርድ ቤት የተጻፈ አቤቱታ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣ አልፎ አልፎም ከአዛውንት አንደበት የተቀዳ የአካባቢ ታሪክ ይገኛል። ከእነዚህ ሰነዶች መካከል በተለይ ከ1990ዎቹ እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተተየቡት ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ብዙውን ጊዜ አማርኛ ሆነው አይታዩም። ገጹን የሚሞላው የላቲን ፊደላትና ትርጉማቸው የማይታወቅ ምልክቶች ቅልቅል ነው።

ይህን ያየ ሰው ፋይሉ በቫይረስ የተበላሸ መስሎት ሊያጠፋው ይችላል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ጽሑፉን በአማርኛ መልክ የሚያሳየው ፕሮግራም ነው። እኛም በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ከአንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ወደ ሌላው በተሸጋገርን ቁጥር ያስተዋልነው ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከምን እንደሚመነጭ፣ የጽሕፈት ፕሮግራሞች በውስጣቸው እንዴት እንደሚሠሩና የቆየ ሰነድን ከመጥፋት ማዳን የሚቻልበትን መንገድ እንመለከታለን።

ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥርን ነው

ኮምፒውተር «መ» የሚባል ፊደል አያውቅም። በማስታወሻው ውስጥ የሚያስቀምጠው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጽሑፍ በኮምፒውተር እንዲጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ቁጥር አስቀድሞ መወሰን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው «አስኪ» የተባለው ደረጃ 128 ቁጥሮችን ይዞ ነበር። በዚህ ደረጃ መሠረት ትልቁ የላቲን ፊደል «ኤ» ምንጊዜም 65 ነው። ከጊዜ በኋላ አንድ ባይት ስምንት ቢት በመሆኑ፣ ቁጥሮቹ ወደ 256 ከፍ አሉ።

አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይከናወናሉ። የመጀመሪያው በኪቦርድ ላይ የተነካውን ቁልፍ ወደ ፊደሉ ቁጥር መለወጥ ነው። ሁለተኛው ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ይዞ በፋይል ማስቀመጥ ሲሆን፣ ይህም እንደ ዎርድ ያሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ድርሻ ነው። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ቁጥር ሥዕል መስጠት ነው፤ ይህን የሚሠራው ፎንት ይባላል። ቀደም ባሉት ዓመታት «የአማርኛ ሶፍትዌር» ተብሎ በአንድ ሲዲ ይሸጥ የነበረው የኪቦርዱን ፕሮግራምና ፎንቱን በአንድነት የያዘ ጥቅል ነበር። ከዚህም የተነሳ ብዙ ተጠቃሚዎች የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ ሳይለዩ ቆይተዋል። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ግን የቀረውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ነው።

የ256 ቁጥሮች ጥበት

የፊደል ገበታችን 33 ዋና ፊደላት ሲኖሩት እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ አላቸው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። በዚህ ላይ እንደ ሏ፣ ቋ፣ ኰ እና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ ለባዕድ ቃላት የገባው «ቨ» ከነዝርዝሩ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ይጨመራሉ። በሌላ በኩል ከ256ቱ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ 32 እና ቁጥር 127 ለመቆጣጠሪያ ትእዛዞች የተመደቡ ናቸው። ለፊደል የሚቀረው ቢበዛ 223 ነው። ዲቃላዎቹንና አኃዞቹን ሳንቆጥር እንኳ 231 ፊደላት በ223 ቦታዎች አይገቡም።

ይህ ችግር አዲስ አልነበረም። የአማርኛ ታይፕራይተርን በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩም ያጋጠማቸው የቁልፎች ቁጥር ማነስ ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍስሐ አጥላውና የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ ፊደላችንን በግል ኮምፒውተር ለመጻፍ ከደከሙት ፈር ቀዳጆች መካከል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። ይህ ሥርዓት ኢትዮጵያዊ ፊደል በማያውቁ ኮምፒውተሮች መካከል የአማርኛ መልእክት በላቲን ፊደላት ተጽፎ እንዲላክና በተቀባዩ ዘንድ ወደ ግዕዝ ፊደል እንዲመለስ የሚያስችል ነበር።

በሀገር ውስጥም በውጭም የተሠሩት ፕሮግራሞች የቦታውን ጥበት በሁለት ዘዴዎች አልፈውታል። አንደኛው ዘዴ እንደ ታይፕራይተሩ ፊደልን ከቁርጥራጭ መገንባት ነው፤ ማለትም የፊደሉን አካል በአንድ ቁጥር፣ ቅጥያውን በሌላ ቁጥር አስቀምጦ ሁለቱን በስክሪን ላይ ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ዘዴ ፊደላቱን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች መክፈል ነው። ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ፕሮግራሙ ሳይታወቀው ከአንዱ ፎንት ወደ ሌላው እየተመላለሰ ቃሉን ያሟላል። በሕትመት ላይ ውጤቱ የሚያምር ስለነበረ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በመሥሪያ ቤቶች፣ በማተሚያ ቤቶችና በጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ በሰፊው አገልግለዋል። የሀገራችን የኮምፒውተር ጽሕፈት የቆመው በእነዚህ ፕሮግራሞች ትከሻ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥር የላቲን ፊደል ቁጥር ነበር። በአንዱ ፕሮግራም 65 ቁጥር አንድ የአማርኛ ፊደል ሲሆን፣ በሌላው ፕሮግራም ሌላ ፊደል ይሆናል። ጽሑፉ አማርኛ መሆኑን የሚያውቀው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ 65ን በሚያውቀው መንገድ፣ ማለትም በላቲን «ኤ» ያሳያል። በወልድያ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ፕሮግራም ባለው የደሴ ኮምፒውተር ላይ ሳይነበብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር።

ዩኒኮድ፦ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር

የዚህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ የዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተቋቋመው ለዚህ ዓላማ ነው። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በ345 ቁምፊዎች ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 እና ከዚያም በኋላ በወጡት እትሞች ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል።

የአደላደሉ ሥርዓት ለሒሳብ ወዳድ ተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። ፊደሉ የሚጀምረው ከ4608 ሲሆን ይህ የ«ሀ» ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ዋና ፊደል ስምንት ተከታታይ ቦታዎች ተሰጥተዋል፤ ሰባቱ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ፣ ለራብዕ፣ ለኃምስ፣ ለሳድስና ለሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ «ሟ» ላሉት ዲቃላዎች ነው። ስለዚህ «መ» 4632 ከሆነ «ሙ» 4633፣ «ሚ» 4634፣ «ማ» 4635፣ «ሜ» 4636፣ «ም» 4637፣ «ሞ» 4638፣ «ሟ» 4639 ይሆናሉ።

ከዚህ በመነሳት የማንኛውንም ፊደል መደብ በቀላል ማካፈል ማግኘት ይቻላል። ከቁጥሩ ላይ 4608 ቀንሰን በ8 ስናካፍል፣ ድርሻው የረድፉን ተራ፣ ቀሪው ደግሞ የፊደሉን ደረጃ ይነግረናል። ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ እያለ እስከ 6 ማለትም እስከ ሳብዕ ይቀጥላል። «ወልድያ» የሚለው ቃል በፋይል ውስጥ የሚቀመጠው 4808፣ 4621፣ 4853፣ 4843 ተብሎ ነው። የመጨረሻውን ብንወስድ 4843 ሲቀነስ 4608 እኩል ይሆናል 235፤ 235 ለ8 ሲካፈል 29 ደርሶ 3 ይቀራል። ረድፍ 29 የ«የ» ቤት ሲሆን ቀሪው 3 ራብዕ በመሆኑ ፊደሉ «ያ» ነው። «መርሳ» ደግሞ 4632፣ 4653፣ 4659 ነው፤ የሦስተኛውን ፊደል ስሌት ለአንባብያን ትተናል።

ይህ ሥርዓት ዋጋ አለው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአቀማመጥ ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ነገር ግን 450,000 ፊደላት ያሉት አንድ ወፍራም መጽሐፍ እንኳ 1,350,000 ባይት ብቻ ስለሚሆን በድሮዋ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ይሰፍራል። ልዩነቱ የሚሰማን በስልክ አጭር መልእክት ላይ ነው። በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው።

የኪቦርድ ፕሮግራም እንዴት ይሠራል?

ዊንዶውስ ኤክስፒ ከነበረበት ዘመን ድረስ የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ ከኮምፒውተሩ ጋር አይመጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ግን «ኒያላ» የተባለውን የዩኒኮድ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ምርጫ አገኘ። ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ዛሬ በነፃ ይገኛል፤ ፓወር ግዕዝም በኋለኞቹ እትሞቹ በዩኒኮድ መጻፍ ያስችላል። በእጅ ስልክ ላይም የአማርኛ ኪቦርዶች ተለምደዋል።

እነዚህ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በድምፅ አጻጻፍ ይሠራሉ። ጸሐፊው የላቲኑን «ኤም» ቁልፍ ሲነካ «ም» ይታያል፤ ቀጥሎ አናባቢ ቁልፍ ሲነካ «ም» ተለውጣ ሌላ ፊደል ትሆናለች። ከላይ ባየነው አደላደል መሠረት ፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ መደመርና መቀነስ ነው። የ«ም» ቁጥር 4637 ነው። የ«ኢ» ቁልፍ ሲነካ 5 ይቀነስና 4632፣ ማለትም «መ» ይሆናል። ለ«ዩ» 4 ሲቀነስ «ሙ»፣ ለ«አይ» 3 ሲቀነስ «ሚ»፣ ለ«ኤ» 2 ሲቀነስ «ማ» ይወጣል፤ ለ«ኦ» ደግሞ 1 ሲደመር «ሞ» ይሆናል። ሕጉ ለ«ለ» ቤትም፣ ለ«ሰ» ቤትም ያው ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ተማሪ ይህን በጥቂት መስመር ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በየትኛውም ኪቦርድ ቢጻፍ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ኪቦርዱን ብንቀይር፣ ፎንቱንም ከኒያላ ወደ አቢሲኒካ ወይም ወደ ኖቶ ብንለውጥ የሚቀየረው የፊደሉ መልክ እንጂ ጽሑፉ አይደለም።

የታመመ ፋይል ምልክቶች

ሐኪም ከመድኃኒት በፊት ምርመራ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ አልነበብ ያለ ፋይል ሲያጋጥም አስቀድሞ የበሽታውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በተለምዶ የሚያጋጥሙት አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ በፊደላት ፋንታ ባዶ ሣጥኖች ይታያሉ። ይህ ቀላሉ ነው። ጽሑፉ ዩኒኮድ ሲሆን ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። አንድ የዩኒኮድ ፎንት ሲጫን ሣጥኖቹ ወዲያው ፊደል ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ይታያል። ይህ በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የተጻፈ ነው። በዎርድ ፋይል ከሆነ በጽሑፉ ላይ ጠቅ አድርገን የፎንቱን ስም የሚያሳየውን ሣጥን እንመልከት። ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚቆይ የትኛው ፕሮግራም እንደጻፈው ይነግረናል።

ሦስተኛ፣ በአናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ትታያለች። ይህ ዩኒኮድ ጽሑፍ በተሳሳተ ዘዴ ሲነበብ የሚመጣ ነው። በዩቲኤፍ-8 የእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የመጀመሪያ ባይት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያቺ ፊደል ትደጋገማለች። ፋይሉን እንደገና ከፍቶ የአነባበብ ዘዴውን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ በቂ ነው።

አራተኛ፣ ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ዩኒኮድ ጽሑፍ ግዕዝን በማይቀበል ዘዴ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ቁጥር ይተካል፤ የቀድሞው ቁጥር በፋይሉ ውስጥ የለም። የቆዩት የኖትፓድ እትሞች ሲያስቀምጡ የሚመርጡት ዘዴ ይህ ስለነበረ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ «እሺ» ማለት ጽሑፉን ያሳጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ኖትፓድ አዲስ ፋይል በዩቲኤፍ-8 እንዲያስቀምጥ ተደርጓል። ለእንዲህ ዓይነት ፋይል ያለው ተስፋ ሌላ ቅጂ መፈለግ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ በፒዲኤፍ ፋይል ላይ ጽሑፉ ለዓይን ፍጹም አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን ወደ ላቲን ቅልቅል ይለወጣል። ምክንያቱም ፒዲኤፉ የድሮውን ፎንት በውስጡ ይዞ ስለሚጓዝ ነው። ማንበብና ማተም ይቻላል፤ መፈለግና ማስተካከል ግን አይቻልም።

የቆየን ፋይል ወደ ዩኒኮድ መለወጥ

በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የተጻፈውን ለመለወጥ የእያንዳንዱን ፎንት ቁጥር ከዩኒኮድ ቁጥር ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት እንቅፋቶች ግን አሉ። የመጀመሪያው ፊደላቱ በሁለት ፎንቶች የተከፈሉ በመሆናቸው አንድ ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል መሆኑ ነው። ስለዚህ መለወጫው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ፊደል ፎንትም ማንበብ አለበት። ጽሑፉ ከዎርድ ወደ ኖትፓድ ከተገለበጠ የፎንቱ መረጃ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሁለተኛው እንቅፋት በአማርኛው መካከል የገቡት የእንግሊዝኛ ቃላትና ቁጥሮች ናቸው። መለወጫው እነዚህንም አማርኛ አድርጎ ከቆጠራቸው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ያደርጋቸዋል።

በግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሥር የተዘጋጀው የዎርድ ሰነድ መለወጫ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝን ጨምሮ የተለያዩ የቀድሞ ፎንቶችን ወደ ዩኒኮድ ይመልሳል። ማንኛውም መለወጫ ቢሆን አሠራሩ እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ የዋናው ፋይል ቅጂ ይወሰዳል፤ ዋናው አይነካም። ቀጥሎ የፎንቱ ስም ይለያል። ከዚያም ቅጂው ይለወጣል። በመጨረሻም ሰው ከታተመው ወረቀት ጋር እያመሳከረ ያነባል፤ በተለይ የሰዎች ስም፣ ቀንና የገንዘብ መጠን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በእድር መዝገብ ላይ የአንድ ፊደል ስሕተት የአንድን አባል ስም ወደ ሌላ ሰው ሊለውጥ ይችላልና።

ፋይሉ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ቀርቶ እንደሆነ ደግሞ ስካን አድርጎ በጽሑፍ ለቃሚ ፕሮግራም መሞከር ይቻላል። በነፃ የሚገኘው ቴሴራክት አማርኛን ይቀበላል። ሆኖም በፊደላችን ውስጥ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት በትንሽ ምልክት በመሆኑ፣ ደብዛዛ ወረቀት ላይ ፕሮግራሙ ይሳሳታል። እዚህም የሰው ዓይን አስፈላጊነቱ አይቀርም።

«ሀብሩ» እና «ሐብሩ»፦ የፍለጋ ችግር

ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ከተለወጠ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሲሰጥ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነው ሞክሼ ሆሄያትም የተለያየ ቁጥር አገኙ። «ሀ» 4608 ሲሆን «ሐ» 4624 ነው። የወረዳው ስም በአንዱ ሰነድ «ሀብሩ»፣ በሌላው «ሐብሩ» ተብሎ ይጻፋል። የጽሕፈት ፕሮግራሞች የፍለጋ መሣሪያ ቁጥርን ከቁጥር ጋር ስለሚያነጻጽር አንዱን የፈለገ ሰው ሌላውን አያገኝም። «ወልድያ» እና «ወልዲያ»ም እንዲሁ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ስም ሲታሰብ ችግሩ ይሰፋል፤ ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት (ፀ፣ ጸ)፣ ለሁለተኛው ስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ምርጫዎች ስላሉ በጠቅላላው 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖራል። በመዝገብ ውስጥ ያለ ሰው «የለም» ሊባል የሚችለው እንዲህ ነው።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ከጽሑፉ ማጥፋት አይደለም። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነውና ልዩነቱ ትርጉም ይዟል። የተሻለው ዘዴ ዋናውን ጽሑፍ እንዳለ ትቶ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ሌላ ቅጂ በፕሮግራሙ ውስጥ ማዘጋጀት ነው። ይህ አሠራር የሌለው ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ግን አንድን ስም በሁሉም አጻጻፎቹ መፈለግን ሊለምድ ይገባል።

ሥርዓተ ነጥብም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። የአራት ነጥብ ቁጥር 4962 ሲሆን የሁለት ነጥብ 4961 ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትተው አራት ነጥብ ያስመስሉታል። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ ዓረፍተ ነገር የሚቆጥር ወይም የሚተረጉም ፕሮግራም ግን የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ላያገኘው ይችላል።

አንድ ቅጂ ቅጂ አይደለም

እስካሁን የተነጋገርነው ፋይሉ በእጃችን እንዳለ አድርገን ነው። የሰሜን ወሎ ሕዝብ ግን ከዚህ የከበደ ነገር አይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ከደረሰ በኋላ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ወራት ኤሌክትሪክ፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተውን ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በከተማዋና በአካባቢዋ ያሉ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። ኮምፒውተር ሲወሰድ የሚወሰደው ዕቃው ብቻ አይደለም። ዕቃው በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ ብቻ የነበረ ጽሑፍ ግን አይተካም።

በመረጃ ጥበቃ ሙያ የታወቀ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባል ቀላል ሕግ አለ። ለሚወዱት ሰነድ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። በእኛ ሁኔታ ይህን መፈጸም አስቸጋሪ አይደለም። አንዱ በኮምፒውተሩ ላይ፣ ሁለተኛው በፍላሽ ዲስክ ወይም በስልክ ሚሞሪ፣ ሦስተኛው በደሴ ወይም በአዲስ አበባ በሚኖር ዘመድ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ ለራስ በኢሜይል መላክ ሌላ ዋስትና ነው።

ፍላሽ ዲስክ ብቻውን አስተማማኝ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። መረጃውን የሚይዘው በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙላት ሲሆን ይህ ሙላት በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ስለዚህ በየዓመቱ ፋይሉን መክፈትና እንደገና መገልበጥ ተገቢ ነው። ከዚህም ሌላ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጥ ቫይረስ በፍላሽ ዲስኮች ላይ የተለመደ ነው። ዲስኩ ባዶ መስሎ ሲታይ ፎርማት ለማድረግ መቸኮል አይገባም። አቋራጮቹን ሳይከፍቱ፣ በጸረ ቫይረስ ፕሮግራም መርምሮ፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ብዙ ጊዜ ሰነዶቹን ይመልሳል።

ማጠቃለያ

የጽሕፈት ፕሮግራሞች ይወለዳሉ፣ ያገለግላሉ፣ ያረጃሉ። ሰነዶቻችን ግን ከእነርሱ የበለጠ ዕድሜ ሊኖራቸው ይገባል። ብራና የጻፉ አባቶቻችን ቀለሙና ቆዳው ዘመን እንዲሻገር ይጨነቁ እንደነበረ ሁሉ፣ እኛም ጽሑፋችን የሚቀመጥበት ቁጥር ነገ በሌላ ማሽን የሚነበብ መሆኑን ልናረጋግጥ ይገባናል። አዲስ ጽሑፍ በዩኒኮድ እንጻፍ፤ አሮጌው ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ የተለወጠውም ከአንድ በላይ ቦታ ይቀመጥ።

ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በመጪው ክረምት ወደ ቤተሰብ ስትመለሱ በቤታችሁ፣ በእድራችሁ ወይም በቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ጠይቃችሁ ክፈቱ። የፎንቱን ስም ለዩ፤ ፋይሉን ገልብጡ፤ ለውጡ፤ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና በዚህ ጽሑፍ ያየነው ያህል ዕውቀት ነው። ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሰውና ፎንቱ ያለበት ማሽን ሳይጠፉ ቢሠራ ግን ይቀላል።